ክሩ የታሰረበት ብልቃጥ

ሰኞ ጠዋት ፀጉር ቤቴን ስከፍት ከሁሉ በፊት እቆጥራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ተሠርተው የሄዱት ደንበኞች ፀጉራቸው ገና አልፈረሰም፤ የፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ጸጥ ብለዋል፤ ስልኩም አይጠራም። በርጩማዬን መደርደሪያው ፊት አስቀምጬ፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ከላይኛው ረድፍ እጀምራለሁ፦ ሻምፖ፣ ኮንዲሽነር፣ ሪላክሰር፣ የትሪትመንት ቅባት፣ ቀለም፣ ፐሮክሳይድ፣ ጄል፣ የጥፍር ቀለም፣ አሴቶን፣ ጥጥ፣ ጓንት። ከየዓይነቱ የአንዱ ብልቃጥ አንገት ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ልጆቹ ሁልጊዜ ከፊት እያነሱ ይሠራሉ፤ አዲስ የገባው ዕቃ ከኋላ ይሰለፋል። ክር ያለበት ብልቃጥ እጃቸው የገባ ቀን ክሩን ፈትተው ይሰጡኛል፤ እኔም ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ መርካቶ እደውላለሁ፣ ወይም እሄዳለሁ። ከክሩ ኋላ የቀሩት ብልቃጦች አዲሱ እስኪገባ የምንቆይባቸው ናቸው።

ክሩን የጀመረችው እናቴ ናት። ከክሩ ኋላ ስንት ብልቃጥ መቅረት አለበት ለሚለው ጥያቄ ግን እሷም እኔም በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሰጥተናል። አንድ ጊዜ ሁለት ነበር፣ አንድ ጊዜ ስምንት፤ አሥር የደረሰበትም ጊዜ አለ። ቁጥሩን ያወጣው የዕቃው መንገድ ነው፦ ባቡሩ፣ ወደቡ፣ ባንኩ፣ ጦርነቱ። የእነዚህ ሁሉ ወሬ ዞሮ ዞሮ ከአንዲት ክፍል ፀጉር ቤት መደርደሪያ ላይ ይደርሳል። ስለ ሴቶች ፀጉር ቤት ታሪክ የምጽፈውም ከዚያው መደርደሪያ ተነሥቼ ነው።

ቅቤ የማይከማችበት ዘመን

አያቴ ፀጉር ቤት አልነበራትም። የሰፈሩን ሴቶች ሹሩባ የምትሠራው በረንዳዋ ላይ፣ ራሳቸውን ጉልበቷ መካከል አስገብታ ነበር። መሣሪያዋ ሚዶና ወስፌ ነው፦ በወስፌው ትከፍላለች፣ በሚዶው ታበጥራለች። የሚያልቅባት ዕቃ ለጋ ቅቤና በቅቤው የምትለውሰው የተወቀጠ አደስ ብቻ ነበር። በዓል ሲደርስ ለእጅና ለእግር እንሶስላ፣ ለዓይን ኩል ይጨመራል።

ለጋ ቅቤ አይከማችም። ለወጥ የሚሆነው ቅቤ ቢቆይ ይነጠራል፤ ራስ ላይ የሚደረገው ግን ገና ነጭ እንዳለ፣ ሽታው ሳይለወጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ የአያቴ ግዢ ከቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። ከሱሉልታ በኩል የሚመጡት ገበሬዎች ቅቤውን በኮባ ጠቅልለው ያወርዱታል፤ እሷም ለሳምንቱ ራሶች የሚበቃውን ብቻ ትገዛለች። መጀመሪያ የምትሸምተው አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ከነበረው ገበያ ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከዚያ አንሥተው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ሲያዛውሩት እሷም ኮባዋን ተከትላ ወደዚያው ዞረች። ብዙዋ ሴት ደግሞ ቅቤዋን ራሷ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ዕቃ አለቀ የሚባል ጭንቀት የሠሪዋ አይደለም፣ የተሠሪዋ ነው።

እናቴ ከአያቴ የወረሰችው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፦ አንዳንድ ነገር ገንዘብ ቢኖርም አይከማችም። ይህን ትምህርት የረሳሁበት ጊዜ ነበር፤ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከፒያሳ የመጡ ቃላት

ፀጉር ቤት ውስጥ የምንናገራቸውን ቃላት ያዳመጠ ሰው ሙያው በየት በኩል እንደገባ ያውቃል። ፀጉር የሚጠቀለልበትን ቢጉዲን እንለዋለን፣ የሚያደርቀውን ፎን፣ የሚያስተኛውን ፒያስትራ፣ ጣል ጣል የሚደረገውን ቀለም ሜሽ። ሁሉም በጣሊያንኛ በኩል የደረሱን ናቸው። ካስክም እንደ ራስ ቁር ከላይ የሚደፋ ስለሆነ ስሙን ያገኘው ከፈረንጆቹ የራስ ቁር ነው። ወረራው ከ1928 እስከ 1933 ቆይቶ ቢያልፍም ቃላቱና ዕቃዎቹ ቀርተዋል፤ ከድል በኋላም ፒያሳ የጣሊያን፣ የግሪክና የአርመን ሱቆች ሰፈር ሆና ኖራለች።

እናቴ በ1952 ተቀጥራ የገባችው በአንዲት ጣሊያናዊት ፀጉር ቤት ነው። ሥራዋ መጥረግ፣ ፎጣ ማጠብና ቢጉዲን ማቀበል ነበር። ከሁሉ በላይ የገረማት ግን አንድ ቁም ሳጥን ነው። ሁልጊዜ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከሴትዮዋ አንገት አይወርድም። ውስጡ ቀለም፣ የፀጉር ማጠቢያና የጥፍር ቀለም ነበር። ዕቃው በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ ከዚያ በባቡር ለገሃር ይገባል፤ ከትእዛዙ ደብዳቤ እስከ ሣጥኑ መከፈት ሦስት ወር ይፈጃል። ሴትዮዋ ለገና የሚሆናትን የምታዘው በመስከረም ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የገባትን ግን እስክትሞት ትናገረው ነበር፦ «ዕቃ የሚያልቀው ባዶ ሲሆን አይደለም፤ ከመንገዱ ያነሰ ቀን ነው ያለቀው።»

በ1963 እናቴ የራሷን አንድ ክፍል ደጃች ውቤ ሰፈር ተከራይታ ከፈተች። ሁለት ወንበር፣ አንድ ካስክ፣ በከሰል የሚግል ካውያ። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ቢጉዲኖቹን በየውፍረታቸው መለየት የእኔ ሥራ ነበር።

ማተብ

ክሩ የታሰረው በአንዲት ሴት መጎዳት ምክንያት ነው።

በ1965 ጥር ወር ነው፣ የሠርግ ወቅት። ለሚዜነት የምትዘጋጅ አንዲት ልጅ ፀጉሯን በኬሚካል ልታለሰልስ መጣች። ክሬሙ ፀጉሩን እንደ ፈታ በብዙ ውሃ ታጥቦ ኃይሉን የሚያጠፋው ሻምፖ መከተል አለበት፤ ያለዚያ የተረፈው ኬሚካል የራስ ቆዳውን እያቃጠለ ይቀጥላል። እናቴ ክሬሙን ቀባች፣ ሰዓቷን ጠበቀች፣ አጠበች፤ ከዚያ ሻምፖውን ልትወስድ እጇን ዘረጋች። ብልቃጡ ከቦታው አለ። ውስጡ ግን ባዶ ነው። ለማጅዋ ጨርሳው መልሳ አስቀምጣዋለች።

እናቴ በእንስራ የነበረውን ውሃ ሁሉ አፈሰሰችባት። ቢሆንም የልጅቷ ግንባር ዳር ቆሰለ፤ በሳምንቱም ከፊት ያለው ፀጉሯ ተሰባበረ። ሠርጉ ላይ ሻሽ አስራ ቆመች። እናቴ ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጋ ቅቤ ይዛ ቤቷ ድረስ እየሄደች ራሷን ቀባቻት። ገንዘቧን መልሳለች፤ ይቅርታም አግኝታለች። ለራሷ ግን ይቅር አላለችም።

ከዚያ በኋላ ነው ከአያቴ የፈትል ቅርጫት ቀይ ክር አምጥታ ብልቃጦቹን ያሰረችው። «ይሄ የቤቱ ማተብ ነው» አለችን። «ማተብ ያለው ሰው ቃሉን አይበላም። ክሩን ፈትታችሁ ሳትነግሩኝ የቀራችሁ ቀን ቃላችሁን በላችሁ።» ሁለተኛው ሕጓም የዚያን ጊዜ ወጣ። ጥንድ የሆኑ ዕቃዎችን «ባልና ሚስት» ትላቸው ነበር፦ ማለስለሻው ከማጥፊያው ሻምፖ ጋር፣ ቀለሙ ከፐሮክሳይዱ ጋር። ባልና ሚስት ተለያይተው አይቆጠሩም። አምስት ማለስለሻና የሁለት ሰው ሻምፖ ካለ፣ ያለን የሁለት ሰው ዕቃ ነው። ሦስተኛዋ ደንበኛ ሳትቀመጥ ይነገራታል።

ዕቃ መቁጠር የገንዘብ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በእኛ ቤት ግን የተጀመረው ወንበሩ ላይ ዓይኗን ጨፍና ራሷን የሰጠችን ሴት እንዳትጎዳ ነው። ያን ጊዜ ከክሩ ኋላ የሚቀረው ሁለት ነበር፤ ፒያሳ በእግር አምስት ደቂቃ ስለሆነ ሁለት ይበቃ ነበር።

ባቡሩ ሲቆም

አብዮቱ መጣ። በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የእናቴ ክፍል የቀበሌ ቤት ሆነ፤ ኪራዩ ቀለለላት። ዕቃው ግን ከበደ። ከፒያሳ ባለ ሱቆች ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች አገር ለቀው ሄዱ፤ የውጭ ምንዛሪ በፈቃድ ሆነ፤ ለቀለምና ለሻምፖ የሚተርፍ እምብዛም አልነበረም። እናቴ ፊቷን ወደ ድሬዳዋ አዞረች። በባቡር የሚመላለሱ ሴቶች ከጅቡቲ በኩል የገባውን ዕቃ በየጥቅላቸው ያመጡላት ነበር።

በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ሲገባ የባቡሩ መስመር ተቆረጠ፤ ለወራትም ሳይጠገን ቆየ። እናቴ ከመሥመሩ መቆረጥ በፊት ክሩን ከሁለት ወደ አራት አዛውራ ነበር፤ መስመሩ ሲከፈት ደግሞ ስድስት አደረገችው፣ በኋላም ስምንት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «አንዴ የቆመ ባቡር ሁለተኛ አይቆምም ብለሽ አትመኚ» አለችኝ። በእነዚያ ወራት ቤቱን ያቆየው ሹሩባ ነው። ካስኩ ላይ ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ፤ እናቴ የአያቴን ወስፌ አወጣች። ደንበኛ አልቀረብንም፤ የሰዓት እላፊው ሳይደርስ ወደየቤታቸው እንዲገቡ ከቀትር ጀምሮ ሦስት አራት ሆነን እንጎነጉን ነበር።

በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ አርባን ተሻግራለች። ማታ ማታ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ቀበሌው አዳራሽ ተቀምጣ ፊደል ቆጠረች። በ1972 ባለ መስመር ደብተር ገዛች። የመጀመሪያው ገጽ መጀመሪያ መስመር ላይ «ሻፖ 3» የሚል አለ፤ «ም»ን ገና አላጠናችውም ነበር። ያ ደብተር ዛሬም ከእኔ ጋር ነው።

ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ አለ፦ የገባ፣ የወጣ፣ ያለ። አራተኛውን ዓምድ ግን ሌላ ቦታ አላየሁትም፤ «ራስ» ይላል። እናቴ ዕቃን በኪሎም በብርም አትለካም፤ በራስ ነበር የምትለካው። አንድ ቆርቆሮ ስንት ራስ ይሠራል? ያ ቆርቆሮ አሥር ራስ መሥራት ሲገባው ሰባት ላይ ካለቀ አንድ ነገር አለ፦ ወይ የልጆቹ እጅ አብዝቷል፣ ወይ የመጡት ደንበኞች ፀጉራቸው ረጅም ነበር፣ ወይ ዕቃው ቀጥኗል። መልሱ ሳይገኝ አዲስ አይታዘዝም። በዚህ ዘዴ ማንንም ሌባ ሳትል የቤቷን ጉድለት ታውቅ ነበር። እኔም ዛሬ የምሠራው በራስ ነው።

ሌላው ደብተሩ ያስተማረኝ ወቅቱን ነው። የየዓመቱን ገጽ ጎን ለጎን ስዘረጋው አንድ ዓይነት ማዕበል ይታየኛል። ነሐሴ መጨረሻ ለዘመን መለወጫ ይጨምራል፤ ታኅሣሥ ለገና፣ ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ ይሞላል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይወርዳል፤ ከሆሳዕና በኋላ ለፋሲካ እንደገና ይነሣል፤ ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ ሠርግ ነው። የሰፈራችን ሙስሊም ሴቶች ለዒድ ሂና ይፈልጉ ነበር፤ ዒድ በጨረቃ ስለሚዞር እናቴ ለሂናው ለብቻው ገጽ ይዛለታለች። በጾሙ መግቢያ ብዙ ዕቃ የገዛ ፀጉር ቤት ገንዘቡን መደርደሪያ ላይ አስተኝቶ ሁለት ወር ይጾማል።

በሻንጣ የመጣ ገበያ

ፀጉር ቤቱን በ1986 ተረከብኩ። መንገዱ ሌላ ሆኖ ነበር። አንድ ዶላር ለረጅም ዓመታት 2 ብር ከ7 ሳንቲም ቆይቶ በ1985 መጀመሪያ 5 ብር ገባ፤ ንግዱም ተፈታ። ዱባይ የሚመላለሱ ሴቶች ሻንጣቸውን በሪላክሰር፣ በዊግና በሰው ሠራሽ ፀጉር ሞልተው ይመጡ ነበር። ቤይሩትና ጂዳ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንም ለእናታቸው ቀሚስ ሲልኩ ጥጉ ላይ ሁለት ብልቃጥ ቅባት ይወሽቁ ነበር፤ ቤተሰቡ ለእኛ አምጥቶ ይሸጠዋል። ከክሩ ኋላ የሚቀረውን ወደ ሦስት፣ ቀጥሎ ወደ ሁለት አወረድኩት። በ1990 ጦርነቱ ሲነሣና የአሰብ ወደብ ሲዘጋብን ወደ አራት መለስኩት፤ ጭነቱ ጅቡቲን ሲለምድ እንደገና ወረደ።

የሻንጣ ዕቃ አንድ አዲስ ነገር አስተማረኝ፤ እሱም ቀን ማንበብ ነው። የሚመጣው ዕቃ አንዳንዱ ዱባይ ውስጥ በርካሽ የተሸጠው ጊዜው ሊያልፍበት ስለተቃረበ ነበር። ብልቃጡ ጀርባ ላይ ክዳኑ የተከፈተ ማሰሮ ሥዕልና ውስጡ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ይናገራል። 12 ካለ አሥራ ሁለት ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ብልቃጥ በተከፈተ ቁጥር ቀኑን በእስክርቢቶ ክዳኑ ላይ እንጽፋለን። ፐሮክሳይድ ክዳኑ በደንብ ካልተዘጋ ኃይሉ ይደክማል፤ የደከመ ፐሮክሳይድ ቀለሙን አያስይዝም፣ ደንበኛዋም ሽበቷ ሳይሸፈን ከፍላ ትሄዳለች።

ውሃና መብራትንም ከዕቃ ቆጥሬ አውቃለሁ። በ2001ና በ2011 መብራት በፈረቃ ሲሆን ካስክ የሚያስፈልገውን ሥራ ለመብራቱ ቀን፣ ሹሩባውን ለጨለማው ቀን መደብኩ፤ የትእዛዙም መጠን በዚያው ተከፈለ። ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃም በራስ ይለካል። ሪላክሰር ሊቀባ ሲል መጀመሪያ የሚንኳኳው ሮቶው ነው፤ ድምፁ ባዶ ከሆነ ክሬሙ አይከፈትም። በ1965 የቆሰለችው ልጅ ሁልጊዜ ፊቴ ናት።

አሥር ያልኩበት ዓመት

በጥቅምት 2015 ለ38 ዓይነት የውጭ ዕቃዎች ማስገቢያ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ተወሰነ፤ ሽቶና መዋቢያ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ወሬውን በሰማሁ ማግሥት ያለኝን ገንዘብ፣ የእቁቤንም ጨምሬ መርካቶ ወረድኩ። ያገኘሁትን ሁሉ ገዛሁ። ክሩን አሥረኛው ላይ አሰርኩት። እናቴ ብትኖር የምትኮራብኝ መሰለኝ።

አልተመዛዘነልኝም። ማጥፊያ ሻምፖው ቶሎ ስለማይበላሽ ጠቀመኝ። ቀለሙ ግን ሁለት ክረምት አልፎበት ከቱቦው ሲወጣ ግማሹ ውሃ ግማሹ ጓል ሆነ። ሃያ አራቱን ቱቦ በአንድ ቀን ጣልኩ። የዚያን ማታ አያቴ ትዝ አለችኝ፤ ቅዳሜ ለቅዳሜ የምትገዛው ቅቤ፣ የማይከማችን አለማከማቸቷ። መንገድ ሲረዝም ክምችት መጨመር ትክክል ነው፤ የመንገዱ ርዝመት ግን ከዕቃው ዕድሜ ካለፈ መፍትሔው ሌላ ሥራ መያዝ ነው። እናቴ ባቡሩ ሲቆም ወስፌ ያነሣችው ለዚህ ነበር። እኔም ለጋ ቅቤውን መለስኩ፤ አልባሶ የሚሠሩ ሁለት ልጆች ቀጠርኩ፤ ከሱሉልታ ቅቤ የምታመጣልኝ ሴት አገኘሁ። ብዙ ወጣቶች ለእንፋሎትና ለቅቤ መምጣት ጀመሩ። ዛሬም ከቤቱ ሥራ አንዱ እጅ እሱ ነው።

በየካቲትና መጋቢት 2016 የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ የእኛም ክፍል ፈረሰ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖርንበት ነው። ከሁሉ በፊት ያወጣሁት ደብተሮቹን ነው፤ ከዚያ ወስፌውን፣ ከዚያ ካስኩን። አሁን የምሠራው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር በተከራየሁት ክፍል ነው። ገና ግድግዳው ቀለም ሳይደርቅ፣ ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የእነዚያ 38 ዕቃዎች እገዳም ተነሣ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ዕቃው በሕግ ተፈቀደ፤ ዋጋው ግን በየቀኑ ይለዋወጥ ስለነበር የምገዛበት ሱቅ ዋጋ ለመናገር እንኳ ያመነታ ነበር። ምን እንደማደርግ ግራ ሲገባኝ የእናቴን የ1985 ደብተር ገለጥኩ። ብር ያን ጊዜ ሲወርድ ጥግ ላይ በእጇ እንዲህ ጽፋለች፦ «የሠራሽበትን ዋጋ በገዛሽበት አታስቢ፣ በምትተኪበት አስቢ።» ማለስለሻውን በአሮጌው ዋጋ ስለገዛሁት ብቻ በአሮጌው ዋጋ ብሠራ በሚቀጥለው ወር ግማሽ ቆርቆሮ እንኳ መተካት አልችልም ነበር። ደንበኞቼን አስቀምጬ ነገርኳቸው፤ የጨመርኩትም የመተኪያውን ያህል ብቻ ነበር። ገብቷቸዋል።

ባለፈው ሰኞ ቆጠራውን ያደረግነው ከአዲሷ ልጅ ጋር ነው። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ደብተሩን በስልኳ መያዝ ጀምራለች፣ ከእኔ ይልቅ ፈጣን ናት፤ የ«ራስ»ን ዓምድ አስገቢ ስላት ሳትጠይቅ አስገብታዋለች። ክሩን ከአምስተኛው ፈትታ አራተኛው ላይ እያሰረች ቀና ብላ «እትዬ፣ ለምንድን ነው አራት የሚሆነው?» አለችኝ። ጀሞ ከመርካቶ ሩቅ መሆኑን፣ ዋጋው ረገብ ማለቱን፣ ጾሙ መድረሱን ልነግራት ነበር። ከዚያ ተነሥቼ ከቁም ሳጥኑ ታች የ1972ን ደብተር አወጣሁና የመጀመሪያውን መስመር አስነበብኳት።

«ሻፖ ሦስት» አለች ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ።

አጠገቤ አስቀመጥኳትና ከዚያ ጀመርኩላት።